ጭብጦዬና በቅሎዬ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ይላል ያገራችን ሰው። ይህችን ተረት የማያውቅ ተማሪ በዚህ ግቢ ውስጥ ይኖራል ብዬ አልገምትም። በካፌ ሰልፍ ላይ ተራው የተነጠቀ ይጠቅሳታል፤ የፈተና ነጥቡ አላግባብ የተቆረጠበት ይጠቅሳታል፤ የመኝታ ክፍል ድልድል ያልጣመውም ይጠቅሳታል። ጭብጦ መቼም የቆሎ ተማሪ በአኮፋዳው፣ መንገደኛ በስንቁ ጥግ የሚይዛት፣ በእፍኝ የምትጨበጥ ቂጣ ቢጤ ናት። በቅሎ ግን የቤት ሀብት ናት፤ ጌትነትም ናት። እንግዲህ ተረቷ የምትለው ግልጽ ነው፤ ሰውን የሚያንገበግበው የተወሰደበት ነገር ዋጋ ሳይሆን የተወሰደበት አኳኋን ነው ትላለች።

ነገር ግን ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ሁላችንም የምንጮኸው በጭብጦዋ በኩል ነው። የተረቷን የመጀመሪያ ክፍል ጎላ አድርጎ የሚናገር ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ» ያለው ሰውዬ እኮ ተሟግቶ የተረታ፣ በቅሎውን ከነኮርቻዋ አስረክቦ በእግሩ ወደ ቤቱ የገባ ሰው ነው! ስለ ጭብጦው የመንገብገብ መብት ያገኘው በዚያ ነው። ለመሆኑ እኛስ? ስለ ጭብጦ ፍትሕ የምንጠይቅ ሁሉ፣ ፍትሕ ራሷ መጥታ «በቅሎዋን አምጣ» ስትለን ልጓሙን እንሰጣታለን ወይ? ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ደግሞ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ከቤታችን፣ ከአባቴ ነው ያገኘሁት።

በቤታችን ሣጥን ውስጥ ሁለት ወረቀቶች አሉ። አንደኛው የትራፊክ ክስ ወረቀት ነው፤ ሁለተኛው የጣሪያና ግድግዳ ግብር ማስታወቂያ ነው። ሁለቱም ተራ ወረቀቶች ናቸው። ታላላቆቹ ፈላስፎች ስለ ሞትና ስለ ነፃነት ጻፉ እንጂ ስለ እንደነዚህ ያለው ነገር ብዙም አልተጨነቁም። ሆኖም አብዛኛው ሰው በዕድሜው ነፍስ ገድሎ አይከሰስም፤ በአገር ክህደትም አይፈተንም። ሕግን ፊት ለፊት የሚያገኛት በፌርማታና በጣሪያ ጉዳይ ላይ ነው። እውነተኛ ሰው መሆኑና አለመሆኑም የሚለየው እዚያው ላይ ይመስለኛል።

አባቴ የሚኒባስ ታክሲ ሾፌር ናቸው። መኪናው የሰው ነው፤ ማታ ማታ ለባለመኪናው የቀን ገቢ ያስገባሉ፣ የተረፈው የእኛ ነው። በ2014 ዓ.ም. አንድ ቀን ጧት መገናኛ አካባቢ አንዲት አሮጊት ዜብራ ላይ ሲሻገሩ አይተው ፍሬን ያዙ። መኪናው ቀጥ እንዳለ አንድ የቸኮለ ተሳፋሪ በሩን ከፍቶ ዘሎ ወረደ። ወዲያው ፊሽካ ተነፋ። ትራፊኩ ደረሰ።

«ያለ ፌርማታ ሰው አውርደሃል። መንጃ ፈቃድ!»

«ኧረ አላወረድኩም፤ ለእግረኛ ነው የቆምኩት። ሴትዮዋን አላየሃቸውም እንዴ?»

«መንጃ ፈቃድ አልኩ!»

ወረቀቱ ተጻፈ። አሮጊቷ ተሻግረው ሄደዋል፤ ተሳፋሪውም በሰው መካከል ጠፍቷል። ምስክር የሚሆን የለም።

ማታ ተራ ሲጠብቁ ሾፌሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ምክር መከሯቸው። «ጋሼ፣ ምን ያጨቃጭቅዎታል? ከፍለው ይገላገሉ!» ተራ አስከባሪው ሳይቀር ሒሳቡን በጣቱ እየቆጠረ አሳያቸው። ቅጣቱ የአንድ ቀን ትርፍ አይሞላም። ክሱን ክዶ መከራከር ግን መኪና ማቆም ነው፤ መኪና ሠራም ቆመም ደግሞ የባለመኪናው ገቢ አይቀርም። ሒሳብ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ያለቀለት ነው።

ይህ «ከፍሎ መገላገል» የሚባለው ነገር በከተማችን ራሱን የቻለ ፍልስፍና ሆኗል። ትክክል ነው አይደለም የሚል ጥያቄ የለበትም፤ ጥያቄው ስንት ይፈጃል የሚል ብቻ ነው። እኔም ያን ጊዜ የዚሁ ፍልስፍና ተከታይ ነበርኩና «አባባ፣ ይክፈሉና ይተዉት» አልኳቸው።

«ገንዘቡስ ምን አለኝ» አሉኝ። «ስከፍል ግን ‹አዎን፣ አጥፍቻለሁ› ብዬ እኮ ነው የምከፍለው። ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ እያልኩ ስንት ዓመት ልነዳ ነው?»

ሄዱ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ትራፊኩ አልቀረበም። በሁለተኛው መዝገቡ አልተገኘም ተባለ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ስላልነበረኝ እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። ችሎቱ የሚያስችልበት ክፍል ጠባብ ነው። አግዳሚው ላይ ሾፌሮች ተጣበው ተቀምጠዋል፤ አብዛኛው ሰው ስሙ ሲጠራ ይነሣና «አምናለሁ» ብሎ፣ የሚከፍለውን ተነግሮት ይወጣል። ፍርድ ቤት ሳይሆን የዳቦ ሰልፍ ይመስላል። የአባቴ ስም ተጠራ። ዳኛዋ ገና ወጣት ናት።

«ክሱን ያምናሉ ይክዳሉ?»

«እክዳለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

ትራፊኩ ያየውን ተናገረ። አባቴም ያዩትን ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ዳኛዋ እስከዚያች ሰዓት ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ጠየቀች።

«በሩን ማን ከፈተው?»

«ተሳፋሪ ነው።»

«ረዳትዎ የት ነበር?»

አባቴ ትንሽ ዝም አሉ። በመጨረሻ «ከኋላ ሒሳብ ይቀበል ነበር» አሉ።

«ታዲያ በሩን የሚጠብቅ ሰው አልነበረም ማለት ነው?»

«አልነበረም።»

ውሳኔው ወዲያው ተሰጠ። ለእግረኛ መቆማቸው ተገቢ ነበር፤ ሆኖም ፌርማታ ባልሆነ ቦታ ሰው እንዳይወርድ በሩን ማስጠበቅ የሾፌሩ ኃላፊነት ነው ተባለ። ቅጣቱ ጸና።

ከውጭ ደረጃው ላይ ቁጣቸውን እጠብቅ ነበር። አባቴ ግን ኮታቸውን አስተካክለው «ሰማችኝ እኮ» አሉ። «ስለ በሩ ጠየቀችኝ። ትራፊኩም፣ ሾፌሮቹም፣ አንተም ስለ በሩ አልጠየቃችሁኝም። ለካስ ትንሽ ጥፋት ነበረብኝ።» ከዚያ ሄደው ከፈሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አባቴ በመጨረሻ የከፈሉት በመጀመሪያው ቀን ሊከፍሉት ይችሉ የነበረውን ያንኑ ገንዘብ ነው፤ ሳንቲም አልተጨመረም፣ ሳንቲም አልተቀነሰም። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ቢከፍሉት ኖሮ ለእሳቸው ቅሚያ ይሆን ነበር፤ በሦስተኛው ቀጠሮ ሲከፍሉት ዕዳ ሆነ። ያለ ፍርድ ልትሄድ የነበረችው ጭብጦ በፍርድ ሄደች። ለዚህች ለውጥ ሲሉ ደግሞ የሦስት ቀን ገቢ ከሰሩ። ማለትም ጭብጦዋን በፍርድ ለመስጠት ሲሉ በቅሎይቱን ሠውተዋል። የሦስቱን ቀን ጉድለት የሞላው ደግሞ የእናቴ የዕቁብ ገንዘብ ነበር። ታዲያ ይህ ጥበብ ነው ወይስ ጅልነት?

ጅልነት ነው የሚለው ወገን የሚጠቅሰው አያጣም። ሃይንሪሽ ፎን ክላይስት የተባለው ጀርመናዊ ደራሲ በ1810 እ.ኤ.አ. «ሚካኤል ኮልሃስ» የሚል ልብ ወለድ አሳትሟል፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በነበረ አንድ ነጋዴ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። ኮልሃስ ፈረስ ነጋዴ ነው። አንድ ባላባት ሁለት ፈረሶቹን በመያዣ ስም ያስቀርበትና እርሻ ላይ አሠርቶ አጥንታቸው ወጥቶ ይቆዩታል። ኮልሃስ ይከሳል፤ የባላባቱ ዘመዶች ክሱን ያስቀሩበታል። አቤቱታ ለማድረስ የሄደችው ሚስቱም ቆስላ ተመልሳ ትሞታለች። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ጭፍራ ሰብስቦ ከተማ ያቃጥላል። በመጨረሻ ፍርድ ያገኛል፤ ፈረሶቹ ሰብተው ይመለሱለታል፣ ባላባቱም እስራት ይፈረድበታል። ኮልሃስ ራሱ ግን በዚያው ቀን ባጠፋው ጥፋት አንገቱ ይቀላል። ጭብጦውን ብሎ አገር ያቃጠለ ሰው መጨረሻው ይኸው ነው ይባል ይሆናል።

እኔ ግን በአባቴና በኮልሃስ መካከል አንድ ልዩነት አያለሁ። አባቴ የፈለጉት መሰማት ነው፤ ማሸነፍን የግድ አላሉም። ሲሰሙም እሳቸው ራሳቸው ሰሙ፤ የበሩን ነገር ሰሙ። ኮልሃስም መጀመሪያ የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ በሩ ሲዘጋበት ነው ሌላ ሰው የሆነው። ስለዚህ ለጭብጦ በር የሚዘጋ አስተዳደር፣ ትንሽ ነገር ንቄ ተውኩ ብሎ እንዳይኩራራ። የናቀው ትንሽ ነገር የሚሄድበትን አያውቅምና።

በዱሮው ዘመን ለጭብጦ የሚሆን ፍርድ በመንገድ ዳር ይገኝ ነበር። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ባለበት ይቆማል። ሁለት ባላጋራዎች ያገኙትን መንገደኛ የመንገድ ዳኛ አድርገው ዛፍ ሥር ይሟገታሉ። ነገሩ ከከረረም ከሳሽና ተከሳሽ በኩታቸው ጫፍ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ይህን የምለው ዱሮን ለማሞካሸት አይደለም፤ በዚያው ዘመን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ተብሏል፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ተብሏል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ፤ የመጀመሪያዪቱ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባችውም በዚያው ዓመት ነው። ፍርድ ቢሮ ገባች፣ መኪና ደግሞ መንገዱን ያዘ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ የሚፈጠርበት ቦታ ሌላ፣ የሚፈረድበት ቦታ ሌላ ሆነ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለጥቃቅን የደንብ መተላለፍ ጉዳዮች ቀለል ያለ ሥርዓት አበጅቷል፤ ሕግ አውጪውም የጭብጦ ፍርድ በጭብጦ ዋጋ መገኘት እንዳለበት ገብቶት ነበር ማለት ነው። ሰው ግን የሚመላለሰው በሕጉ አንቀጽ ላይ ሳይሆን በቢሮው ደጃፍ ላይ ነው። እውነት መናገር ሦስት ቀን፣ ሐሰት መናገር ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ሕዝቡን ሐሰት የሚያስተምረው ማነው?

ጽሑፌ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ ነበር። አባቴ ጀግና፣ ቢሮው ጥፋተኛ፣ እኔም ጸሐፊ ሆኜ እቀር ነበር። ነገር ግን ሁለተኛው ወረቀት አለ።

ቤታችንን እናቴ ከአያቴ ነው የወረሷት። አያቴ ሁለት ቤት ነበራቸው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን አንደኛዋ ሄደች፤ ይህችኛዋ ቀረች። በቅሎ ያለ ፍርድ ስትሄድ ያየ ቤት ነው ማለት ነው። እስከ ዛሬ ሜትር የያዘ ሰው በር ሲያንኳኳ የእናቴ ፊት ይለዋወጣል።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1968 ዓ.ም.፣ የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80 ወጣ። በዚህ አዋጅ የቤቱ ግብር ይሰላ የነበረው ቤቱ ቢከራይ በዓመት ያወጣል ተብሎ ከሚገመተው ላይ ነው፤ መጠኑም ግምቱ ከፍ ባለ ቁጥር ከመቶ 1 ጀምሮ እስከ 4 ተኩል ይደርስ ነበር። የእኛ ቤት ግምት ግን ለብዙ ዓመታት የነካው አልነበረም። ከተማው ሰፋ፣ ኪራይ ሰማይ ነካ፤ በወረቀቱ ላይ ያለችው ቤታችን ግን በአያቴ ዘመን ዋጋ እንደተቀመጠች ቀረች። በዓመት የምንከፍለው ከአንድ ምሳ ዋጋ ብዙም አይበልጥም ነበር። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግምቱ ሲሻሻል አዲሱ ማስታወቂያ መጣ። ቁጥሩ ካምናው ቁጥር ጋር የማይተዋወቅ ነበር።

አባቴ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው «በል አንተ የተማርክ ነህ፤ አቤቱታ ጻፍ» አሉኝ። ወረቀት አወጣሁ፤ እሳቸው ያስጽፉኝ ጀመር። «ቤቱ የጭቃ ነው በል።» እውነት ነው፣ ጻፍኩ። «አርጅቷል፤ ጣሪያው ያፈሳል በል።» ይህም እውነት ነው፣ ጻፍኩ። «በረንዳውን እንደ ክፍል ቆጥረው ለክተውብናል በል።» እሱንም ለክቼ አረጋገጥኩና ጻፍኩ። «ሰርቪሶቹን ግን አታንሣ። ከጠየቁ ማጀትና የዕቃ ማስቀመጫ ናቸው በል።»

እጄ ቆመ። ከጓሯችን ሦስት ሰርቪስ ቤቶች አሉ፤ ሦስቱም የተከራዩ ናቸው።

«አባባ፣ ያን ጊዜ ችሎት ‹ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ አልልም› ብለው አልነበር? አሁን ያለንን የለንም ሊሉ ነው?»

«ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ! ያን ጊዜ ስሜን ነው የጠበቅኩት። ይሄ እንጀራ ነው።»

ክርክሩ እዚያ ላይ አላበቃም፤ የአባቴም ቃል የሚናቅ አልነበረም። እንዲህ አሉ። ግድግዳ አይበላም። ቤቱ ይህን ያህል ያወጣል ቢሉኝ ሸጬው የት ልገባ ነው? ደግሞስ ግብሩ ለምን ይሆናል? መንገዱን ተመልከት፣ ክረምት ሲገባ ጫማ የሚያስወልቅ ጭቃ ነው። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚመጣው? የአያትህን ቤት ሲወስዱ ማንን ጠየቁ? ያኔ ያልሰሙን አሁን ለምን እውነቱን ልንገራቸው?

ለእነዚህ ጥያቄዎች ሙሉ መልስ አለኝ አልልም። በተለይ የመጀመሪያው ከባድ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365 ግብሩን ከኪራይ ግምት ወደ ንብረቱ ዋጋ ስለሚያዞረው፣ «ግድግዳ አይበላም» የሚለው ክርክር ወደፊት የሚከብድ እንጂ የሚቀልል አይመስለኝም። ቤት ኖሯት ገቢ የሌላት ባልቴት፣ ጎረቤቷ ፎቅ ስለሠራ ብቻ ሀብታም ተብላ እንዳትቆጠር ሕጉም ገማቹም ማሰብ አለባቸው። የሚከፍል ሰው የከፈለው ምን እንደሠራ የማየት መብት አለው። ይህን ሁሉ አምናለሁ።

ነገር ግን እኛ ያቺ ባልቴት አልነበርንም። የኪራይ ገቢ አለን። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ እናቴ በሦስቱም ክፍሎች ላይ 500፣ 500 ብር ጨምረው ነበር። በመካከለኛዋ ክፍል የምትኖረው ልጅ በር ላይ ቆማ «እትዬ፣ ትንሽ ቢቀንሱልን» ስትል ሰምቻለሁ። እናቴም ከልባቸው አዝነው «ምን ላድርግ ልጄ፣ ሁሉ ነገር ጨመረ እኮ» አሏት። ልጅቷ ዝም ብላ ከፈለች። እሷም ከፍላ ተገላገለች። ግምቱን የነገርናት በቃል ነው፤ አቤቱታ የምታስገባበት ጠረጴዛ አልነበራትም። የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚቆጣጠረው አዋጅ ቁጥር 1320 ገና አልወጣም ነበር፤ እሱ የመጣው በ2016 ዓ.ም. ነው።

ይህን ለአባቴ ነገርኳቸው። «አባባ፣ ገማቹ የጠየቀው እኮ ‹ቤቱ ቢከራይ ስንት ያወጣል› ብሎ ነው። እኛ መልሱን በየወሩ እንቀበላለን። ለተከራይ አንድ ዋጋ፣ ለመንግሥት ሌላ ዋጋ ልንናገር ነው?»

አባቴ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ልብስህና የኪስህ ገንዘብ ከየት የሚመጣ መሰለህ? ከእነዚያው ከሦስቱ ክፍሎች እኮ ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፕላቶ በጻፈው «ክሪቶ» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ፣ ሶቅራጥስ ሞት ተፈርዶበት በእስር ቤት ሳለ ወዳጁ ክሪቶ ገንዘብ አዘጋጅቶ ሊያስመልጠው ይመጣል። ሶቅራጥስ እንቢ ይላል። ፍርዱ ትክክል ነው ብሎ አይደለም፤ ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ከተማ ሕግ ጥላ ሥር ኖሬ፣ ሲጠቅመኝ ተቀብዬው፣ ሲጎዳኝ ላፈርሰው አይገባም ብሎ ነው። ነገሩን ትምህርት ክፍል ውስጥ ሳነበው ግሩም ነበር። ነገር ግን ሶቅራጥስ የሰጠው የራሱን ነፍስ ነው። እኔ የምሰጠው የአባቴን ገንዘብ ነው። በሰው በቅሎ ሶቅራጥስ መሆን ምን ያቅታል? ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

በማግሥቱ አቤቱታውን በሁለት ዓይነት ጽፌ ጠረጴዛው ላይ ተውኩላቸው። በአንደኛው ሰርቪሶቹ ተከራይተዋል ይላል፤ ሁለተኛው አባቴ እንዳስጻፉኝ ነው። ለምን አንዱን ብቻ እንዳልጻፍኩ የሚጠይቀኝ ቢኖር መልሴ ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ደግሞም የሚፈርሙት እሳቸው ስለሆኑ ምርጫው የእሳቸው ይሁን ብዬ ነው። አባቴ ማለዳ ወጡ፤ ምንም አልተናገሩም፤ ከሁለቱ የቀረውን ወረቀት እናቴ ምድጃ ሊያቀጣጥሉበት ሲሉ ነው ያየሁት። የቀረው ሐሰተኛው ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። በረንዳው ከልኬቱ ተቀንሶ ግብሩ በትንሹ ወረደ፤ የቀረው እንዳለ ጸና። አባቴ ከፈሉ። ከፍለው ሲመለሱ «በረንዳይቱን አስመለስን፤ ሰርቪሶቹን ሰጠን» አሉና በሩን ዘግተው ተኙ። እስከ ዛሬም ገንዘብ ባነሰ ቁጥር በእንግዳ ፊት ሳይቀር «ይሄ ልጄ ነው ያስከፈለኝ» ይላሉ። በቀልድ ይሁን በምር አላውቅም። መካከለኛዋ ክፍል ያለችውን ልጅ በተመለከተ ግን በሚቀጥለው መስከረም እናቴ 200 ብር ብቻ ጨመሩ። ለምን እንደሆነ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

እንግዲህ ከሁለቱ ወረቀቶች የተማርኩትን ላስቀምጥ። አንደኛ፣ «ከፍለህ ተገላገል» የሚለው ምክር ገንዘብ ይቆጥባል እንጂ ሰውን አይቆጥብም። ያላደረገውን አደረግሁ ብሎ መፈረም የለመደ እጅ፣ ያለውን የለኝም ብሎ ለመፈረም አይቸግረውም፤ ሁለቱም የሐሰት ቃል ናቸውና። አባቴ የሁለተኛውን ሐሰት እንቢ ያሉት የመጀመሪያውን እንቢ ብለው ስለነበር ይመስለኛል። ሁለተኛ፣ መሰማት እንፈልጋለን እንጂ መታየት አንፈልግም። ስንበደል «ስሙን» ብለን እንጮኻለን፤ ሊያየን ሜትር ይዞ ሲመጣ ጓሯችንን እንዘጋለን። ነገር ግን ዳኛዋ አባቴን ልትሰማ የቻለችው የበሩን እውነት ስላልደበቋት ነው። መሰማትና መታየት አንድ ላይ የሚመጡ ናቸው።

ሦስተኛው መንግሥት ለሚባለው ወገን ነው። እውነቱን የነገረህ ሰው ከዋሸህ ሰው በላይ የሚከፍል ከሆነ፣ በሚመጣው ዓመት እውነት የሚናገርልህ አታገኝም። የለካህበትን ሜትር አሳይ፤ የገመትህበትን መንገድ ጻፍ፤ አቤት ለሚልህ ሰው የሦስት ቀን እንጀራ አታስከስረው። በቅሎዬን ከወሰድህ በፍርድ ውሰዳት፤ ያን ጊዜ ስለ ጭብጦዬ አላስቸግርህም።

ይህን ስጽፍ አንድ የምፈራው ነገር አለ። ነገ የራሴ ቤት፣ የራሴ ደመወዝ፣ የራሴ ሰርቪስ ሲኖረኝ ያቺን አቤቱታ እንዴት እንደምጽፋት አላውቅም። ያን ጊዜ ከኪሴ ምንም አልወጣምና ፈተናውን አልፌአለሁ ማለት አልችልም። ከአንባቢዎች መካከል «የማይሰማን መንግሥት እውነት አይገባውም» የሚል ካለ፣ ክርክሩ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁና በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍልን። እስከዚያው ግን በካፌ ሰልፍ ላይ «ጭብጦዬ!» ብሎ የሚጮህ ወዳጄን «በቅሎህስ የት ናት?» ብዬ መጠየቄ አይቀርም።